ማንም የማይነካው ምሰሶ

ወደ ሸነን መመደቤ የተነገረኝ ዕለት እናቴ አለቀሰች፣ እኔ ተናደድኩ። አምቦ ተወልጄ ያደግኩ የቢሮ ጸሐፊ ልጅ ነኝ። የጤና ረዳትነት ትምህርቴን ስጨርስ እዚያው አምቦ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ፍል ውሃ እየወረድኩ የምኖር መስሎኝ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። አንድ የሽቦ አልጋና አንድ ሻንጣ በጭነት መኪና ተጭኖልኝ፣ ከሾፌሩ አጠገብ አቧራ ስቅም ውዬ ጅባት ደን አጠገብ ወረድኩ። አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ከዚያ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ባላባት ከሄደ፣ መሬት ለአራሹ ከተሰጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የኔ ጤና ጣቢያ ተብዬ የገበሬ ማህበሩ መጋዘን ግማሹ ነበር። ሌላው ግማሽ የማዳበሪያ ነው። ሕመምተኛ የማየው በአንድ እጄ አፍንጫዬን ይዤ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። ሰዉ ሁሉ "ዶክተር" ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ "ዶክተር አይደለሁም" እያልኩ አርም ነበር፤ በኋላ ደከመኝና ተውኩት።

በዚያ ዓመት ኩፍኝ ገባ። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ፣ ተራዋ ደርሶ ልጁን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ፣ ሕፃኑ ቀድሞኝ ሄዶ ነበር። እሷም አላወቀችም። እንዴት እንደነገርኳት አሁን አላስታውስም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ዝውውር ማሰቤን ባልተውም፣ ማታ ማታ የማስበው ሌላ ነገር ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ የአውራጃው ኃላፊዬ ከአምቦ መጣ። መጋዘኑን ዞር ዞር ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ክትባት ሊጀመር ነው" አለኝ። "በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ መጥቶልናል። ግን ማዳበሪያ መሀል አላስቀምጠውም። ደህና ቤት ካገኘሽ ፍሪጁም ጣቢያውም ሸነን ይሆናል። ካላገኘሽ ቤት ያላት ሌላ ከተማ አለች። ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ሸነን ውስጥ ደህና ሊባል የሚችል ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ የፊታውራሪው ቤት። ከተማዋ መሀል፣ ጉብታ ላይ፣ በረንዳው በተቀረጸ እንጨት የተከበበ፣ ሰፋፊ መስኮት ያለው ትልቅ ቤት። ፊታውራሪው በአብዮቱ መጀመሪያ ተወስደው በዚያው ቀርተዋል። ባለቤታቸው እሜቴ ውብነሽ ከጓሮ ያለችው ማድ ቤት ተፈቅዳላቸው እዚያ ይኖራሉ። ትልቁ ቤት ግን እስከዚያን ቀን ድረስ ባዶውን ነበር። ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ ይታያል፣ ጣራው ላይ ቆርቆሮው ተገንጥሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይጮኻል፣ ውስጡ የሌሊት ወፍ ነግሦበታል። ይህን የመሰለ ቤት ለምን ለቢሮ እንኳን እንዳልተወሰደ ስጠይቅ ሁሉም "እንዲያው ነው" ይሉኛል። መልሱ ለኔ በቂ ነበር። ወጣት ስትሆኑ "እንዲያው ነው" በቂ መልስ ነው።

የገበሬ ማህበሩ ሊቀ መንበር ደበላ ይባላል። ወሬውም እርምጃውም ፈጣን፣ በሁለት ንግግሩ መሀል አንድ መፈክር የማይጠፋው፣ ልቡ ግን መልካም የሆነ ሰው ነበር። ቤቱን ለጤና ጣቢያ ፈቀደ። ለእድሳቱ ደቦ የጠሩት ኦቦ ቶለራ ናቸው፤ ኦቦ እዚያ አቶ እንደማለት ነው። ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ጎልማሳነትን የጨረሱ ገበሬ፣ በአካባቢው ቤት ሲሠራ ያለሳቸው ካስማ አይተከልም። የጴንጤ ቤተሰብ ናቸው። የጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ ምርቃቱንም ጸሎቱንም በለሆሳስ ያደርጉታል።

ያ የደቦ ሳምንት ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ሰዉ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ሴቶቹ ውሃ በእንስራ ያመላልሳሉ፣ ወንዶቹ አፈር ይቆፍራሉ፣ ጭዱ ይነሰነሳል፣ ፈረሶች ጭቃው ላይ ክብ እየዞሩ ይረግጣሉ። እኔም ጋዋኔን አውልቄ፣ ቀሚሴን ወደ ላይ ሸብ አድርጌ ገባሁበት። ጭቃው ውስጥ ስወድቅ የሳቁት ሳቅ ከጅባት ደን ተመልሶ መጣ። ኦቦ ቶለራ በረንዳው ላይ ሆነው ምርጊቱን በእጃቸው መዳፍ እንደ ቅቤ ያለሰልሱታል። ግድግዳው እየዳነ፣ ቆርቆሮው እየተመታ፣ ቤቱ ከቀን ቀን ሰው ሰው መሽተት ጀመረ።

ሐሙስ ጠዋት የቀረው ምሰሶው ብቻ ነበር። ጣራውን ሁሉ የተሸከመው የመሀል ምሰሶ፣ በነሱ አጠራር ኡቱባው፣ ሥሩ በስብሶ ወደ አንድ ጎን ሰምጧል። ጣራውም አብሮት አዘንብሏል። እሱ ካልተለወጠ የተሠራው ሁሉ በመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ላያችን ላይ ይወርዳል። አዲሱ ግንድ ተልጦ በር ላይ ተጋድሟል፣ ጣራውን የሚደግፉት ባላዎችም ተዘጋጅተዋል። ዲጅኖው ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ማንም አያነሳውም።

"ምን እየጠበቅን ነው?" አልኩ።

"ቦሩ ይሁን፣ ዶክተር። ነገ" አሉ ኦቦ ቶለራ፣ ወደ መሬት እያዩ።

"ነገ እኮ ዓርብ ነው። ኃላፊው ቅዳሜ ይመጣል።"

ሰዎቹ በየጥጉ ቁጭ ቁጭ አሉ። ደበላ መጥቶ ስለ ሰፊው ሕዝብ ጤንነት ረጅም ንግግር አደረገ። በጥሞና አዳመጡት፣ ሲጨርስም አጨበጨቡለት፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ያንን ያህል ሰው እምቢ ሳይል እምቢ ሲል አይቼ አላውቅም ነበር።

በራሴ ሂሳብ ነገሩ ገባኝ። ከጓሮ ያሉትን እሜቴን ፈርተው ነው፣ የጥንት ጭሰኝነት ከልባቸው አልወጣም አልኩ። ስለዚህ እሳቸው ፈቃድ ቢሰጡ ያልቃል ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። እሜቴ ውብነሽ በማድ ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥባሉ። ነጠላቸው ቢያረጅም ንጹሕ ነው፤ አቀማመጣቸው አሁንም የትልቅ ሰው ነው።

"እሜቴ፣ ለአንድ ነገር ነበር የመጣሁት።"

"አውቃለሁ። ከጠዋት ጀምሮ የሥራው ድምፅ ጠፍቷል።"

"ምሰሶውን ማንሳት ፈርተዋል። እርስዎ አንድ ቃል ቢነግሯቸው ብዬ ነው።"

"ማንን ነው የፈሩት?"

"እርስዎን ነዋ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ።"

ሳቁ፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ። "አጥሬን ነቅለው ማገዶ ካደረጉት ስንት ጊዜው። በረቱንም አፍርሰውታል። እኔን ፈርተው አንድ ምሰሶ የሚተዉ ይመስልሻል ልጄ?" ጎመኑን ወደ ጎን አደረጉት። "ያ ምሰሶ ሰው በልቷል።"

ከዚያ ነገሩኝ። ቤቱ የተሠራው ለእሳቸው ሠርግ ነው። ያኔ ከኔ የሚያንሱ ልጅ ነበሩ። ለምሰሶው የሚሆነው ዝግባ ጅባት ደን ውስጥ ተቆርጦ በጭሰኞች ትከሻ ነው የመጣው። ዝናብ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት ሲወጡ ከፊት የነበረውን ሰው አዳለጠውና ግንዱ ደረቱ ላይ ወደቀ። ጉታ ይባላል፤ የኦቦ ቶለራ ታላቅ ወንድም።

"ፊታውራሪውስ ምን አሉ?"

"'ሌላ ሰው ይተካ' አለ። ሠርጉ ደርሶ ነበር። ሬሳው በአንድ መንገድ ሄደ፣ ግንዱ በሌላ መንገድ መጣ። ምሰሶው በዚያው ሳምንት ቆመ። እኔም በዚያው ሳምንት ሥሩ ተቀምጬ ተሞሸርኩ።"

"ይቅርታ አልጠየቃችሁም?"

"'ሽማግሌ እንላክ' ብዬው ነበር። 'ጭሰኛ ምን ደም አለው' አለኝ። እሱን ከወሰዱት በኋላ ደግሞ እኔ ማን ነኝ? የአድኃሪ ሚስት። ለኔ ብሎ ማን ሽማግሌ ይቀመጣል?" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ቢቀመጡስ፣ ቶለራ እምቢ ቢለኝስ? በየቀኑ በደጄ ያልፋል። እሱ ወደ ሰማይ ያያል፣ እኔ ወደ መሬት።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እሰማ ነበር። ያልረሳ ወጊም እንዳለ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

በማግስቱ በጠዋት ኦቦ ቶለራ ቤት ሄድኩ። ተናድጄ ነበር። እኔ ስደነግጥም፣ ሳዝንም የሚቀናኝ መናደድ ነው።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? የተበደለ ሰው ነገሩን አያነሳም። ካነሳ 'ደም ፈለገ' ይባላል። የበደለው ወገን ነው ሰርዶ ይዞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ የሚመጣው። እስኪመጣ ድረስ ከቤቱ ውሃ አንጠጣም፣ ደፉን አንሻገርም። ኑሯችን እንዲህ ነው።"

"ደቦውን የጠሩት እኮ እርስዎ ነዎት።"

"ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ ጠርቻለሁ። ልጆች ናቸው የሚታከሙበት፣ የኔም የልጅ ልጆች አሉበት። ግን የመረግኩት ከውጭ ከውጭ ነው። ውስጡን ሌሎች ናቸው የሠሩት፤ ምሰሶውን ግን ደሙ ሳይታረቅ እነሱም አይነኩትም። አላየሽም?"

አላየሁም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አብሬያቸው ውዬ፣ አንድ ቀን እንኳን ደፉን እንዳልተሻገሩ አላየሁም።

"ኦቦ ቶለራ፣ እርስዎ አማኝ ነዎት። ይቅር አላሉም?"

"ብያለሁ። ገና ዱሮ፣ ተንበርክኬ ብያለሁ" አሉ። "ግን የጠየቀኝ የለም። ይቅርታው እጄ ላይ ቀረ፤ የምሰጠው ሰው አጣሁ።"

ከዚያ ወጥቼ ወደ ኦቦ ሁንዴ ሮጥኩ ማለት ይቀላል። ኦቦ ሁንዴ የአካባቢው ትልቅ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ቢደክምም የማን ከብት በማን ማሳ እንደገባ ከነዘመኑ ያውቃሉ። ነገሩን ስነግራቸው አልተገረሙም።

"እሷ ከመጣች እኔ ፊት ፊቷ እሄዳለሁ" አሉ። "ግን ሸንጎ ያለ ማህበሩ ፈቃድ አይቀመጥም ተብለናል። ለፊታውራሪ ሚስት ሽማግሌ ተሰበሰበ ከተባለ የሚታሰረው ደበላ ነው። እሱን ጠይቂው።"

ደበላ ነገሩን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ያን ቀን መፈክር አልወጣውም።

"የበላይ አካል ቢሰማ ምን እባላለሁ? ገበሬውን ሰብስቦ ለባላባት ሚስት..."

"የምትለምነው እኮ እሷ ናት። ገበሬው አይደለም።"

መስኮቱ ጋ ሄዶ ወደ ጉብታው አየ። "ነገ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ወጥቼ የኃላፊሽን መኪና እጠብቃለሁ" አለ በመጨረሻ። "ያላየሁትን ነገር ሪፖርት አላደርግም።"

"መኪናው እኮ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው።"

"ቀድሞ ቢመጣስ?" አለና ኮፍያውን አደረገ።

የቀሩት እሜቴ ናቸው። ማታ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው እሳቱን መቆስቆስ ጀመሩ። ይምጡ አይምጡ ሳላውቅ ተኛሁ፤ መተኛት ከተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ ተሰብስቧል፤ ማን እንዳወራው እግዜር ይወቀው። ወሬ በሸነን እግር አለው። ኦቦ ቶለራ በር ላይ ከተጋደመው አዲስ ግንድ አጠገብ ቆመዋል። ፀሐይ ከፍ አለች። ከጓሮ በኩል ምንም የለም። በቃ ቀሩ፣ ቤቱም ቀረ፣ ፍሪጁም ሄደ ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ኦቦ ሁንዴ ከቤቱ ጥግ ብቅ አሉ። ከኋላቸው እሜቴ ውብነሽ፤ አንድ ልጅ በግ እየሳበ ይከተላቸዋል። ጫማቸውን አውልቀዋል። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሰርዶ ይዘዋል። ሰዉ ሁሉ ከተቀመጠበት ተነሣ።

"ቶለራ፣ ሰው መጥቶልሃል" አሉ ኦቦ ሁንዴ።

እሜቴ ቆሙ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። "ቶለራ፣ ፊታውራሪው ያልጠየቀውን እኔ ልጠይቅ መጥቻለሁ። ይህ ቤት ለኔ ነው የተሠራው። ጉታ የሞተው ለኔ ሠርግ ነው። በዚያ ሳምንት ማልቀስ ሲገባኝ ተኩዬ፣ አጊጬ፣ ሥሩ ተቀምጬ በላሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጥሩ እንቅልፍ አልተኛሁበትም። ለጉማ፣ ለደሙ ካሳ የሚሆን ከብት የለኝም። አንዲት በግ አለችኝ፤ እሷን ይዤ መጥቻለሁ።"

ኦቦ ቶለራ ፊታቸው እንደ ግድግዳ ሆነ። ኦቦ ሁንዴ እንኳን ምርኩዛቸውን ከእጅ እጅ ማቀያየር ጀመሩ። እምቢ ቢሉ ምን እንደሚሆን አሰብኩ፤ ስለ ፍሪጁ አልነበረም ያሰብኩት፣ እኒህ ሁለት ሰዎች ነገ በመንገድ እንዴት እንደሚተላለፉ ነው።

"ስሙን እንደገና ጥሪው" አሉ ኦቦ ቶለራ።

"ጉታ።"

"ደግመሽ።"

"ጉታ" አሉ እሜቴ፤ አሁን ድምፃቸው ተሰበረ።

"በዚህ ግቢ ውስጥ ይህን ስም ሰው ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም" አሉ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሰርዶውን ተቀበሉ። ተቀብለውም አለቀሱ፤ ረጅም ሰው ሲያለቅስ ትከሻው እንዴት እንደሚወርድ ያን ቀን አየሁ። "እናቴ በሕይወት አለች። ሄጄ እነግራታለሁ። ዛሬ ሰው መጣ እላታለሁ።"

በጓ ታረደች፣ ኦቦ ሁንዴ መረቁ። ሰዉ "ሃ ተኡ፣ ይሁን" እያለ ተቀበለ። እኔም "ሃ ተኡ" አልኩ፤ በገበያ ኦሮምኛዬ፣ እንባዬን በጋዋኔ እየጠረግኩ። እሜቴ በጣሳ ውሃ አመጡ። ኦቦ ቶለራ ጣሳውን ተቀብለው አንጠፍጥፈው ጠጡ። ከዚያ ዲጅኖውን አንሥተው ደፉን ተሻግረው ገቡ።

ሥራው ከዚያ በኋላ ጨዋታ ሆነ። ባላዎቹ ጣራውን ያዙ፣ የምሰሶው ሥር ተቆፈረ፣ ወንዶቹ በአንድ ድምፅ እያዜሙ አወጡት። ሥሩ ዱቄት ሆኗል፤ ላዩ ግን ገና ትናንት የተቆረጠ ይመስላል። አዲሱ ሲቆም የመጀመሪያውን አፈር እሜቴ እንዲያለብሱ ኦቦ ቶለራ ጠሯቸው። ጣራው ቀና ሲል የእንጨቱን ጩኸት ሰማነው።

ኃላፊዬ ከሰዓት በኋላ መጣ። ደበላ ከፊት ከፊቱ እየሄደ ምሰሶው በአብዮታዊ ቁርጠኝነት እንደተተከለ አስረዳው። ኃላፊዬ ግድግዳውን ዳሰሰ፣ ጣራውን አየ፣ ከእሜቴ በግ ጥብስ ቀረበለትና አጣጥሞ በላ። ምን እንደበላ ግን የነገረው የለም። "ፍሪጁን በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ" ብሎኝ ሄደ። ላከም።

አንድ ዓመት ብቻ ብዬ የማልኩት እኔ፣ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ሸነን ነበርኩ። ዝውውሩ ሁለት ጊዜ መጥቶልኝ ሁለቱንም ጊዜ መለስኩት። እናቴ "ምን አስነኩሽ?" ትለኝ ነበር። ምን ብዬ ልንገራት። ወደዚያች ከተማ ስገባ ሰውን የማየው በበሽታው ነበር፤ ይሄ ወባ፣ ያቺ ሳል። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አንድ ሰው ደፍ አልሻገር ሲል፣ መድኃኒት አልቀበልም ሲል፣ ከአንድ ሰው አጠገብ አልቀመጥ ሲል፣ ሰነፍ ወይም ደንቆሮ ነው ከማለቴ በፊት መጠየቅ ለመድኩ። አንባቢዎች ሆይ፣ በእናንተም ሠፈር ሰው ሁሉ እየዞረው የሚያልፈው፣ "እንዲያው ነው" የሚባል ቤት አይጠፋም። ከማደሳችሁ በፊት መሀሉ ላይ ማን እንዳለ ጠይቁ። ጭቃና ጭድ የትም ይገኛል።

የዚያን ዘመን ነገር አሁን ብዙው እየተምታታብኝ ነው። አንድ ጠዋት ግን አይጠፋኝም። የወጣውን ምሰሶ በሥራው ማግስት ኦቦ ቶለራ የበሰበሰውን ቆርጠው፣ ጤነኛውን ጠርበው፣ ሕመምተኛ ተራ የሚጠብቅበት መቀመጫ ብለው በረንዳው ላይ አጋደሙት። ለሳምንታት ማንም አልተቀመጠበትም፤ እናቶች መሬት ላይ ይቀመጡ ነበር። አንድ ብርዳም ጠዋት እሜቴ ውብነሽ ሳል ይዟቸው መጡና ዳር ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ኦቦ ቶለራ እናታቸውን ደግፈው አመጡ፤ የጉታ እናት፣ ዓይናቸው የደከመ፣ አጥንትና ጋቢ ብቻ የቀሩ አሮጊት። ምን ላይ እንደሚያስቀምጧቸው ነገሯቸው። አሮጊቷ እንጨቱን በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። እኔ በር ላይ መርፌ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ከጎኔ ማነው?" አሉ።

እሜቴ ወደ ኦቦ ቶለራ አዩ። "ውብነሽ ነኝ" አሉ።

አሮጊቷ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። "በርዶኛል" አሉ። "ጠጋ በይ።"